ባዶ ያስረከብሁት ሰዓት

ባለፈው ወር ሶዶ መናኸሪያ በወረድሁበት ከሰዓት በኋላ፣ ከቦምቤ የመጣ ሚኒባስ ከጣሪያው ላይ ጆንያ ያራግፍ ነበር። የአንደኛው ጆንያ ጥግ ተቀድዶ ኖሮ ደረቅ ዝንጅብል አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሽታው እንደደረሰኝ እግሬ ቆመ። ዝንጅብሉን የሚሰበስበው ረዳት ቀና ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ። «ደኅና ነኝ» አልሁት። በእርግጥም ደኅና ነበርሁ፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ዕድሜዬ ወደ ዘጠኝ ዓመት ተመልሶ፣ በጨለማ ጓዳ ውስጥ በዝንጅብል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴን የገደልኋት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

እናቴ በከተማችን ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነበረች። ሥራዋን ለክፍል ጓደኞቼ ያስረዳሁት «ሰው ታስተኛለች፤ ከዚያ ትቀሰቅሳለች» ብዬ ስለ ነበር «የእንቅልፍ ሐኪም ልጅ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። በዚያ ዓመት፣ የገና በዓል ባለፈ በሁለተኛው እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ደብዳቤ ተነበበ። በማዳጋስካር ደሴት፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትን በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ስላጡ ሥራቸው ቆሟል፤ ለሦስት ወር ራሱን የሚሰጥ አማኝ ካለ ይምጣልን ይላል። ንባቡ ሳያልቅ እናቴ ከሴቶቹ ወገን ተነሥታ ቆመች። ከአጠገቤ የተቀመጠው አባቴ የመዝሙር መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው መላክ አዲስ ነገር አልነበረም። የጉባኤው አያቶች ወንጌል ይዘው በእግራቸው እስከ ኦሞ ቆላ ወርደዋል፤ ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ። ባሕር የተሻገረ ግን አልነበረም፤ ሴት ደግሞ ጨርሶ።

«እዚህ ሕመምተኛ የለም?» አላት አባቴ በዚያው ዕለት ምሳ ላይ።

«አለ። እዚህ ግን እኔ ባልኖር ሌላ ሰው አለ። እዚያ የለም።»

«ልጅሽስ? ሌላ እናት አለው?»

«ሦስት ወር ነው፣ መምህር።» አባቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እናቴ ስትቆጣውም ስታባብለውም «መምህር» ትለዋለች። «ተጠርቻለሁ።»

«እኔ ስጠራሽ ግን አትሰሚም» አለና ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ማዳጋስካር የት እንደሆነ ስጠይቃት ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ከቁልቁለቱ ግርጌ በሩቅ የሚያብለጨልጨውን የአባያን ሐይቅ አሳየችኝ። «ከዚያ ወዲያ ነው፤ እጅግ በጣም ወዲያ» አለችኝ። «እጅግ በጣም» ያለችውን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። ከሐይቁ ባሻገር ሰማያዊ ተራሮች ይታዩ ነበር፤ የምትሄደው እዚያ እንደሆነ ወሰንሁ። ከሄደች በኋላም ሰማዩ በጠራ ቀን ጓሮ ቆሜ፣ ከተራሮቹ በአንዱ ላይ ትቆማለች ብዬ፣ እጄን አውለበልብ ነበር።

ከመሄዷ አስቀድሞ ጉባኤው በስሟ የጸሎት ሰንሰለት ዘረጋ። ከሰፈራችን ሃያ አራት ሰዎች ተመረጡ፤ ለእያንዳንዱ በቀን አንድ ሰዓት ደረሰው፤ እስክትመለስ ድረስ ቀንም ሌሊትም አንድ ሰው ስለ እርሷ በጸሎት ላይ ይሆናል ማለት ነው። ሰዓቱን የጨረሰ ሰው ባለ ተራው ደጅ ድረስ ሄዶ «ተረከብ» ይላል፤ ባለ ተራውም «ተረክቤአለሁ» ብሎ ይመልሳል። በስልክ ማስረከብ አልተፈቀደም። የዚህ ሥርዓት ጠባቂ ጎረቤታችን ጋሽ አንጁሎ ነበሩ፤ የጉባኤው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የእጅ ሰዓታቸውን መስተዋት ወደ መዳፋቸው ገልብጠው የሚያስሩ ረጅም ሰው።

«ለልጄም አንድ ሰዓት ስጡልኝ» አለቻቸው እናቴ።

«ልጅ ነው እኮ።»

«የእኔ ልጅ ነው።»

ጋሽ አንጁሎ ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ ተመለከቱኝ። ከዚያ ከራሳቸው ሰዓት ቀጥሎ ያለውን፣ ከሰዓት በኋላ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ያለውን ሰጡኝ። ከእኔ የምትረከበው አቮካዶ ነጋዴዋ እትዬ አማረች ሆነች።

«ስማ በረከት» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ። «አንድ ጊዜ ከቢላቴ ወንዝ ሽቅብ የተበላሸ መኪና በሰንሰለት ስጎትት ነበር። ሰንሰለቱ ሰባት ሜትር ነው። የተከፈተው አንድ ቀለበት ነው፣ ይህችን የምታክል። መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ገደል ገባ። የቀረው ሰንሰለት ሁሉ ደኅና ነበር፤ ምን ጠቀመ?»

«ሹፌሩስ?»

«ሹፌሩን ተወው።»

አንድ ሰዓት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያህል ርዝመት እንዳለው ዐዋቂ ሰው አያስታውስም። ከትምህርት ቤት ሮጬ እመጣና፣ ጋሽ አንጁሎ ከአስረከቡኝ በኋላ ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ አጎቶቼ ከቦምቤ በላኩት የደረቀ ዝንጅብል ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ። የማውቀው ጸሎት በሙሉ በአራት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ መዘርዘር ጀመርሁ፦ የአውሮፕላኑን ጎማ ጠብቅ፤ የሻንጣዋን ዚፕ ጠብቅ፤ የቀኝ እጇን አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት። ጥርሶቿን አንድ በአንድ ጠራሁ። የነጭ ጫማዋን ማሰሪያ ቀዳዳዎች ቆጠርሁ። የዝንጅብሉ ብናኝ ዓይኔን ስለሚያቃጥለው ከጓዳ የምወጣው እንባዬ እየወረደ ነበር፤ እትዬ አማረች በሯን ከፍታ ስታየኝ «ይሄ ልጅ እንዴት ይጸልያል! ዓይኑ ደም መስሏል» ትላለች። ምክንያቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር። ሙገሳው ጣፍጦኝ ዝም አልሁ።

አባቴ የንጋቱን፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ሰዓት ወስዶ ነበር። ከአልጋዬ ሆኜ ከሳሎን የብዕር ጭረት ይሰማኛል፤ ይቆማል፣ ገጽ ይገለጣል፣ እንደገና ይጫራል። አባቴ ጸሎቱን በጽሑፍ የሚያቀርብ መሰለኝ። የሒሳብ መምህር አሠራሩን ሳያሳይ መልስ አይጽፍም ብዬ ኮራሁበት።

እናቴ በየዓርቡ ከእራት በፊት ትደውላለች። «በዚህ ሳምንት አሥራ አንድ ሕፃን አስተኛሁ፤ አሥራ አንዱም ነቅተዋል» ትለኛለች። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ የሚጠይቃት ስለ ምግቡ ብቻ ነበር።

በየካቲት ወር አጋማሽ፣ በአንድ ሐሙስ፣ ሦስተኛ «ለ» ከሦስተኛ «ሀ» ጋር ግጥሚያ ነበረው። እኔ በረኛ ነበርሁ። ጨዋታው በአሥር ሰዓት እንደሚጀመር ስሰማ አልችልም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን አምበላችን ታምራት በክፍሉ ሁሉ ፊት «የእንቅልፍ ሐኪም ልጅ ከቀረ ፍየል እናቆማለን፤ ፍየል ቢያንስ አትተኛም» አለ። ሁሉም ሳቀ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ያስተምር ስለ ነበር ቤት ውስጥ ማንም የለም። ማሊያዬን ከሹራቤ ሥር ለብሼ ጠበቅሁ። ጋሽ አንጁሎ ከአጥሩ ውጭ ቆመው፣ እንደ ሁልጊዜው ሰዓታቸውን ገልብጠው አይተው፣ «ተረከብ» አሉ።

«ተረክቤአለሁ» አልሁ።

የዱላቸው ድምፅ እስኪርቅ ቆጠርሁና በጓሮው አጥር ሾልኬ ሮጥሁ። አራት ጎል ገባብኝ። ታምራት ኳሷን ከመረብ በሚያወጣበት በአራተኛው ጊዜ «ፍየሏ ትሻል ነበር» አለኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት እያለከለክሁ፣ ጉልበቴ ተልጦ፣ እትዬ አማረች ደጅ ደረስሁ።

«ተረከቢ፣ እትዬ።»

«ተረክቤአለሁ። ዛሬስ ጸሎቱ ላብ በላብ አድርጎሃል» አለችና በቀሚሷ ጫፍ ግንባሬን ጠረገችልኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ስልኩ አልጮኸም። ቅዳሜም አልጮኸም። እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰዎች ተሰብስበው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ አንዱ በሬዲዮ ሰምቷል። የደሴቲቱን ጠረፍ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መትቶታል፤ መንገድም ስልክም ተቋርጧል። ነፋሱ በየትኛው ቀን እንደመጣ ሰውየው አላስታወሰም። ለእኔ መስማት አላስፈለገኝም፤ ቀኑንም ሰዓቱንም ዐውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት የማስታውሳቸው በአፌ ጣዕም ነው። በዘጠኝ ሰዓት ጓዳ እገባና ሁለት ሰዓት እጸልይ ነበር፤ የጎደለውን ለመሙላት። ነገር ግን የጋሽ አንጁሎ ሰንሰለት ትዝ ይለኛል፤ መሐል ላይ የተከፈተ ቀለበት ጫፍ ላይ ሌላ ቀለበት በመቀጠል አይዘጋም። ለቅጣት ብዬ ከጆንያው ዝንጅብል እያወጣሁ አኝክ ነበር። ምላሴ እስኪደነዝዝ አኝኬ፣ «አሁን ይበቃል?» ብዬ ጠይቄ፣ ሌላ አኝካለሁ።

ረቡዕ ዕለት ሁለት ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ወደ ግቢያችን ገቡ። በሰፈራችን አግዳሚ ወንበር ወደ ሰው ቤት የሚገባው ወይ ለሠርግ ነው፣ ወይ ለለቅሶ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ማን አዘዛችሁ?» አላቸው።

«ሰው እየመጣ ስለሆነ… እንዲቀመጥ ብለን ነው፣ መምህር።»

«የሚመጣ ሰው ይቁም። መልሱት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤታችን የመጣ ሁሉ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ጠይቆን፣ እንደቆመ ጸልዮ፣ ይሄድ ነበር። ዝናብ በጀመረም ጊዜ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆሙ። እትዬ አማረች እየመጣች ራሴን ትደባብሳለች፤ በአፍ መፍቻዋ በወላይትኛ ታጽናናኝና በአማርኛ ትደግመዋለች። «ታ ናኣው፣ ልጄ፣ አይዞህ፤ እናትህ ትመጣለች።» ያ ባዶ ሰዓት በእጇ እንዳለፈ አለማወቋ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መሸከም አልቻልሁም። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ የፈተና ወረቀት በቀይ ብዕር ያርም ነበር።

«አባባ፣ እማዬን ገድያታለሁ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ሐሙስን፣ ማሊያውን፣ አጥሩን፣ አራቱን ጎል፣ የእትዬ አማረችን ቀሚስ ሁሉንም ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ፊቱ እየነጣ ሄደ። ስጨርስ «ለማን ነግረሃል?» ብቻ አለኝ።

«ለማንም።»

«ሂድ፣ ፊትህን ታጠብ።»

እንዳልተቆጣኝ አየሁ፤ ያም ባሰብኝ። እርሱም አምኖታል አልሁ በልቤ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። ከመዝሙሩ በኋላ ጋሽ አንጁሎ ተነሡ። «ወገኖች፣ እኅታችን ባለችበት አገር ነፋስ ነፍሷል። ወሬዋን አልሰማንም። አንድ ነገር ግን እናውቃለን። ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ሰንሰለቱ አልተቆረጠም። አንዲት ሰዓት አልወደቀችም፤ ለዚህ እኔ ምስክር ነኝ። ስለዚህ ተይዛለች። ልባችሁ አይፍራ።»

ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ የአሜኑ ንዝረት በወንበሩ እንጨት በኩል ወደ ጭኔ ገባ። ይህ ሁሉ ሰው የቆመበት ወለል ሐሰት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብሁ። ብናገር ተስፋቸውን እወስዳለሁ፤ ዝም ብል እናቴ አትመለስም። ልነሣ ስል የአባቴ እጅ ጉልበቴን ተጫነው። እርሱ ራሱ ተነሣ። ስሜን ሊጠራ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ሰንሰለቱ ተቆርጧል» አለ፣ በክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። «የተቆረጠውም በእኔ ሰዓት ነው። በየንጋቱ ተረክቤአለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ። አንድም ቀን አልጸለይሁም። እንድትሄድ አልፈለግሁም ነበር። ስለ እርሷ መጸለይ በመሄዷ መስማማት ሆኖ ታየኝ።»

በየንጋቱ የሰማሁት ጭረት ምን እንደ ነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከኋላችን አንዲት ሴት «ሚስቱ ባሕር ላይ፣ እሱ ፈተና ላይ» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ «ዝም በይ» አለቻት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሽማግሌው ቁመታቸው ያጠረ መሰለኝ። በሁለት እጃቸው ዱላቸውን ያዙ። «እንግዲያው» አሉ፣ «እስከ ዛሬ የያዛት ሰንሰለቱ አይደለም። ማን እንደያዛት…» ከዚያ አማርኛውን ትተው በወላይትኛ «ጦሳይ ኤሬስ» አሉ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ማለታቸው ነው። ተቀመጡ። አሜን ይባል አይባል ማንም አላወቀም፤ ስለዚህ ማንም አላለም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰው ከእኛ ራቅ ብሎ ይሄድ ነበር።

«የእኔን ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

«የተናገርሁት የራሴን ነው። ያንተን ለእርሷ አንተ ራስህ ትነግራታለህ።»

«በሕይወት ከሌለችስ?»

እጄን ያዘኝ፤ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ በመንገድ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር። ሰኞ ንጋት ከአልጋዬ ሆኜ አዳመጥሁ። በሩ ተንኳኳ፣ «ተረከብ» ተባለ፣ አባቴ መለሰ። ብዕሩ አልጫረም። የወንበር መንቋቋት ሰማሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ድረስ ምንም።

ማክሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በግቢያችን ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች ቆመው ሳለ፣ የአባቴ ስልክ ጮኸ። የማይታወቅ ረጅም ቁጥር ነበር። አባቴ አነሣው። «አቤት» አለ። «አቤት። አቤት።» ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«በረከት፣ ልጄ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ስልኩ የሰው ነው፤ ቶሎ ልበል። ደኅና ነኝ። መንገዱ ተቆርጦብን ነው። ሕፃናቱም ደኅና ናቸው።»

ለብዙ ቀን ያዘጋጀሁት ጥያቄ አንድ ነበር። «እማዬ፣ ያን ሐሙስ፣ በአሥር ሰዓት፣ ምን ሆንሽ?»

«የትኛውን ሐሙስ?»

«ነፋሱ የመጣ ዕለት።»

«ነፋሱ የመጣው ዓርብ ንጋት ነው። ሐሙስ በአሥር ሰዓት…» አሰበች። «ልብስ እያጠብሁ ነበር። ፀሐይ ነበር። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ያን ቀን ሰዓቴን አልጸለይሁም። ኳስ ነበረኝ።»

ስልኩ ውስጥ የሆነ ነገር ነፈሰ፤ ነፋስ ይሁን ትንፋሽዋ አልለየሁም።

«ስንት ገባብህ?» አለችኝ።

«አራት።»

«አራት ከሚገባብህስ ብትጸልይ ይሻልህ ነበር» አለች። መስመሩ ተቋረጠ።

አባቴ ከግድግዳው አልተላቀቀም። «ምን አለችህ?»

«ሐሙስ ልብስ ታጥብ ነበር።»

«ልብስ?»

«ፀሐይ ነበር አለች።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው፤ እንደገና አወለቀው። ከዚያ በሩን ከፍቶ በደጃፉ ላይ ቆመ። በግቢው የነበሩት ሁሉ፣ ጋሽ አንጁሎም እትዬ አማረችም፣ ወደ እርሱ ዞሩ።

«በሕይወት አለች» አላቸው። «ደኅና ነች።»

ከመካከላቸው ማልቀስ የጀመሩ ነበሩ። አባቴ ግን ንግግሩን አልጨረሰም። ዞር ብሎ እኔን አየኝና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ «ሐሙስ ዕለት፣ በአሥር ሰዓት፣ ልብስ እያጠበች ነበር» አላቸው።

ያ ሐሙስ ምን እንደሆነ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የቆሙትም ሁሉ «አሜን» አሉ።